በደጃፍ የቆሙት፦ ስለ ዎሪክሺር አሮጌ ፎቶግራፎች

በአንድ ፎቶግራፍ እንጀምር። ቦታው በመካከለኛው እንግሊዝ፣ በዎሪክሺር ካውንቲ የምትገኘው ስትራትፎርድ አፖን ኤቨን ናት፤ ጊዜው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም ነው። በመንገድ ላይ እሳት ተያይዟል። በእሳቱ ፊት አንድ በሬ በረጅም ብረት ላይ ተሰክቶ ይጠበሳል፤ ጠባሾቹና ተመልካቾቹ ከብበው ቆመዋል። ፎቶግራፉን ያነሣው ሰር ቤንጃሚን ስቶን ሲሆን፣ መግለጫው ትዕይንቱ የስትራትፎርድ «ሞፕ» መሆኑን ይነግረናል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ያየ ሰው የጥጋብና የፍሥሓ በዓል አየሁ ብሎ ቢያልፍ አይፈረድበትም። ሥጋው አለ፤ ሕዝቡ አለ። ነገር ግን «ሞፕ» በትውልዱ የሰው ጉልበት ገበያ ነው። ቃሉ መወልወያ ማለት ነው። በየዓመቱ በጥቅምት ወር የእርሻ ሎሌዎችና የቤት ገረዶች በከተማይቱ መንገድ ቆመው የሚቀጥራቸውን ጌታ ይጠባበቁ ነበር። ሙያቸው እንዲታወቅም እረኛው ጥቂት የበግ ጠጉር፣ ጋሪ ነጂው የጅራፍ ገመድ ቁራጭ፣ ገረዲቱም መወልወያዋን ይዛ ትቆማለች። ገበሬው፣ ገበሬ ስንል በዚያ አገር ሰፊ መሬት ይዞ በቅጥር ጉልበት የሚያሳርሰውን ማለታችን ነው፣ ጉልበቱን ገምቶ፣ ዋጋ ተከራክሮ፣ ቀብድ ሰጥቶ ለአንድ ዓመት ይወስዳቸዋል። ጌታው የከፋበት ሎሌ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሚውለው «የኮብላዮች ሞፕ» እንደገና ወጥቶ ሊቆም ይችላል። የዚህ ገበያ ምንጭ በ1351 ከወጣው የሠራተኞች ሕግ ጋር ይያያዛል፤ ከታላቁ ወረርሽኝ በኋላ የሠራተኛ ቁጥር አንሶ የጉልበት ዋጋ ንሮ ስለ ነበር ደመወዝን ለመግታት የወጣ ሕግ ነው። ስቶን ካሜራውን ይዞ በደረሰ ጊዜ ቅጥሩ እየደከመ፣ ፈንጠዝያው እየገነነ ሄዶ ነበርና ጥፋቱን ሁሉ በእርሱ ላይ መጫን አይገባም። ይሁንና ከዚያ ፎቶግራፍ የደረሰን በሬው ነው፤ ገበያው አልደረሰንም።

ስለ ዎሪክሺር ፎቶግራፎች መጻፍ ያስፈለገኝ በዚህ ምክንያት ነው። ጥያቄው ፎቶግራፎቹ ያምራሉ ወይስ አያምሩም የሚል አይደለም፤ ያምራሉ። ጥያቄው አንድን አገር ከመጥፋት ለማዳን የተነሣ ካሜራ የትኛውን አገር አዳነ፣ በዚያም አገር ውስጥ ማንን በስም፣ ማንን በጥላ አስቀመጠ የሚል ነው።

የዎሪክሺር የፎቶግራፍ ቅኝት የተባለው ሥራ የመነጨው ከአንድ መምህር ሐሳብ ነው። ዊሊያም ጀሮም ሃሪሰን በበርሚንግሃም ከተማ የሳይንስ መምህርና የሥነ ምድር ተመራማሪ ነበር፤ የፎቶግራፍን ታሪክ በመጽሐፍ ካቀረቡት ቀደምት ጸሐፊዎችም አንዱ ነው። በዚያች ከተማ የሙከራ ዕቃው በእጅ ጋሪ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት እየተገፋ ለድሃ ልጆች የሳይንስ ትምህርት እንዲዳረስ ከደከሙት መካከል ስሙ ይጠራል። ይህ ሰው በ1889 መጨረሻ ለፎቶግራፍ ባልደረቦቹ አንድ ጽሑፍ አቀረበ። ሐሳቡ እንዲህ ነበር፦ መላው ካውንቲ፣ ቀድሞ በእኛ አገር አውራጃ ይባል ከነበረው ጋር ልናመሳስለው እንችላለን፣ በካርታ ላይ በካሬ ይከፋፈል፤ እያንዳንዱ ካሬ ለአንድ ወይም ለጥቂት ፎቶግራፍ አንሺዎች ይሰጥ፤ እነርሱም በደረሳቸው ክፍል ያለውን ሕንፃ፣ መንገድ፣ ገጠርና የኑሮ ልማድ ይመዝግቡ። ሥራው በሚቀጥለው ዓመት ተጀመረ። በእንግሊዝ አገር በዓይነቱ የመጀመሪያው ነበር፤ በኋላ ሌሎች ካውንቲዎች አርአያውን ተከትለዋል።

ከሥራው ደጋፊዎች ሁሉ ጎልቶ የሚታየው ቤንጃሚን ስቶን የመስታወት ፋብሪካ ባለቤት፣ የወግ አጥባቂው ፓርቲ ሰው፣ የሳተን ኮልድፊልድ ከተማ የመጀመሪያው ከንቲባ፣ ከ1895 እስከ 1910 ድረስም የምሥራቅ በርሚንግሃም የምክር ቤት አባል ነበር። በ1897 ቅኝቱን ወደ መላ አገሪቱ ለማስፋፋት ብሔራዊ የፎቶግራፍ መዝገብ ማኅበርን አቋቋመ፤ ማኅበሩ በ1910 ፈረሰ። ስቶን ራሱ በ1914 ሲሞት የተወው ከ20,000 በላይ ፎቶግራፍ የበርሚንግሃም ቤተ መጻሕፍት ንብረት ሆኗል። ገንዘብም ጊዜም የነበረው ሰው ነው፤ ሁለቱንም ሳይሰስት አውጥቷል።

የቅኝቱን ደንብ ሳነብ የማደንቀውን ማድነቄን መደበቅ አልፈልግም። የፎቶግራፉ ወረቀት እንዳይደበዝዝ በፕላቲነም ወይም በካርቦን ዘዴ እንዲታተም ታዘዘ፤ ሁለቱም ከተራው የብር ኅትመት ይልቅ ዘመን ይሻገራሉ። ምስሉን በብሩሽ ማስዋብ፣ ደመና መጨመር፣ ግድግዳ ማሳመር ተነቀፈ። በካርቶኑ ላይ የቦታው ስም፣ ቀኑ፣ የአንሺው ስም እንዲጻፍ ተጠየቀ። ዛሬ በየቢሮው ሣጥን ውስጥ ቀን የሌለው፣ ቦታው የማይታወቅ፣ «ታሪካዊ ፎቶ» ከመባል በቀር አንዳች ምስክርነት መስጠት የማይችል ወረቀት አገላብጦ የሚያውቅ ሁሉ የዚህ ደንብ ዋጋ ይገባዋል። ሃሪሰን የሥነ ምድር ሰው ነበር፤ ድንጋይ ከየት እንደ ተነሣ ካልተጻፈበት ተራ ድንጋይ መሆኑን ያውቃል።

ግን ደንቡን ማን ፈጸመው? ከየፎቶግራፍ ማኅበሩ የተውጣጡ ባለሙያዎች፣ ነጋዴዎች፣ ባለ ፋብሪካዎች፣ ቀሳውስትና መምህራን ናቸው። አብዛኛዎቹ በሳምንቱ መጨረሻ ከጢሳሟ በርሚንግሃም በባቡር ወጥተው ወደ ገጠሩ የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ። ያነሡትም በአመዛኙ አብያተ ክርስቲያናትን፣ የመቃብር ሐውልቶችን፣ የኬንልወርዝን ፍርስራሽ፣ የዎሪክን ግንብ፣ የየመንደሩንም ጥንታዊ ቤት ነው። በተለይ በእንጨት ቋሚና አግዳሚ ተዋቅሮ መሐሉ በጭቃ የተመረገው ቤት ዓይናቸውን ማርኮታል። ጭቃ በጭድ ተቦክቶ በተጠላለፈ እንጨት ላይ የሚመረግበት ይህ አሠራር ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ልዩነቱ በዚያ አገር 300 እና 400 ዓመት የቆመ ቤት መኖሩ ነው።

እንግዲህ በአንዱ እንዲህ ባለ ፎቶግራፍ ፊት እንቁም። አንሺው ያነጣጠረው ወደ ግድግዳው ነው። የእንጨቱን አጣጣል፣ የጣራውን ሣር፣ የጭስ መውጫውን ጡብ አጥርቶ አንሥቶታል። በሩ ግን ገርበብ ብሏል፤ በደጃፉም ላይ ሽርጥ ያደረገች ሴት ቆማለች፤ ከአጠገቧ ያለው ልጅ መቆም ስላልሆነለት ፊቱ እንደ ጭስ ደብዝዟል። በካርቶኑ ላይ የመንደሩ ስም፣ የቤቱ ዘመን፣ የአንሺው ስም ሠፍሯል። ሴቲቱ የለችም። ይህ የአንድ ፎቶግራፍ ታሪክ አይደለም፤ በቅኝቱ ሥራ እየተደጋገመ የሚገጥመን ነገር ነው። ሰው በዚህ ሥዕል ውስጥ የሚቆመው የበሩን ቁመት ለመለካት ያህል ነው። ቲያትር የጻፈ ሰው ይህን ዓይነት ገጸ ባሕርይ ያውቀዋል፤ መብራት ይዞ ገብቶ፣ አስቀምጦ፣ ያለ ቃል የሚወጣው ነው።

የዚያች ሴት ባል ደመወዙ ስንት ነበር? የዎሪክሺር ፎቶግራፍ ሊመልሰው የማይችል፣ የዎሪክሺር ታሪክ ግን አሳምሮ የሚመልሰው ጥያቄ ነው። ቅኝቱ ከመጀመሩ 18 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በየካቲት 7 ቀን 1872 ማታ፣ በዌልስበርን መንደር ቼስትነት በሚባለው ትልቅ ዛፍ ሥር የእርሻ ሠራተኞች ተሰበሰቡ። ጥቂት ሰው ይመጣል ተብሎ ነበር፤ በተናጋሪው ግምት 2,000 ያህል መጣ። ተናጋሪው የባርፎርድ መንደር ተወላጅ፣ የአጥር ቁጥቋጦ በመከርከም የታወቀው፣ በሜቶዲስት ጸሎት ቤት ስብከት የለመደው ጆሴፍ አርች ነበር። በአሳማ ማረጃ በርጩማ ላይ ቆሞ ተናገረ። ሰዎቹ ለባቄላ ሐረግ መደገፊያ በሚያገለግሉ እንጨቶች ላይ ፋኖስ ሰቅለው አበሩለት። የዚያን ጊዜ የአካባቢው ደመወዝ በሳምንት 12 ሺሊንግ ግድም ሲሆን ጥያቄያቸው 16 ሺሊንግ ነበር። በመጋቢት 29 በሌሚንግተን ከተማ የዎሪክሺር የእርሻ ሠራተኞች ማኅበር ተመሠረተ፤ በግንቦት ወር ብሔራዊው ማኅበር ተቋቋመ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የአባላቱ ቁጥር ከ80,000 በላይ ደረሰ። በ1874 የምሥራቅ አውራጃዎች ገበሬዎች የማኅበሩን አባላት ከሥራ አግደው ማኅበሩን ክፉኛ አዳከሙት።

ያ ማታ ፎቶግራፍ ሊነሣ አይችልም ነበር። በ1872 ፎቶግራፍ አንሺ የመስታወቱን ሳህን በቦታው መድኃኒት ቀብቶ፣ እርጥብ እንዳለ በካሜራው ከትቶ፣ ሳይደርቅ ማጠብ ነበረበት፤ የቀን ብርሃንም ያስፈልገዋል። በየካቲት ጨለማ፣ በፋኖስ ብርሃን፣ የ2,000 ሰው ፊት ከእንዲህ ያለው ሳህን ላይ አይቀረጽም። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ደረቅ ሳህን በሰፊው የተዳረሰው ከ1870ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው፤ የሃሪሰን ቅኝት የተቻለውም በእርሱ ምክንያት ነው። ስለዚህ አለመነሣቱን በማንም ላይ ክስ አናደርገውም። ነገር ግን በ1890 ደረቁ ሳህን በእጃቸው፣ ካርታው በፊታቸው በነበረ ጊዜ የዌልስበርን ሰዎች አልሞቱም ነበር። አርችም በባርፎርድ ቤቱ እስከ 1919 ኖሯል። እንዲያውም ከ1895 እስከ 1900 ድረስ እርሱም ስቶንም በአንድ ምክር ቤት ተቀምጠዋል፤ ስቶን የምክር ቤት ባልደረቦቹን በግቢው እያቆመ በማንሣት የታወቀ ሰው ነው። ካውንቲውን ለመመዝገብ የወጣው ሠራዊት ከሁሉ አስቀድሞ የተሰለፈው በቤተ ክርስቲያኑ በር እንጂ በዛፉ ሥር አይደለም።

ወደ ስትራትፎርድ ልመለስ፤ ለገጣሚና ለጸሐፌ ተውኔት ይህች ከተማ ሳይደርሱባት የሚሳለሙዋት ስለ ሆነች ነገሩ ያገባኛል። ሼክስፒር ተወለደበት የሚባለው የሄንሊ ጎዳና ቤት በ1847 ለሕዝብ ጥቅም በ3,000 ፓውንድ ሲገዛ ከፊሉ መጠጥ ቤት፣ ከፊሉ ሥጋ ቤት ሆኖ ያገለገለ፣ ግራና ቀኙ ከሌሎች ቤቶች ጋር የተጣበቀ ነበር። በ1850ዎቹ መጨረሻ ጎረቤቶቹ እሳት እንዳያስተላልፉ ፈረሱ፤ ቤቱም እንደ ጥንቱ ይሆናል ተብሎ በታሰበው መልክ ታደሰ። የቅኝቱ ትውልድ ያነሣው ይህንን ብቻውን የቆመ፣ የተስተካከለ፣ ለመታየት የተዘጋጀ ቤት ነው። ፎቶግራፉ አልዋሸም፤ በፊቱ ያለውን በትክክል አነሣ። በፊቱ የነበረው ግን ቀድሞ በአናጢ የተሠራ መድረክ ነበር። ያልተነካ ምስል እንሻለን የሚል ደንብ ግድግዳው ራሱ ተነካክቶ ሲገኝ ምንም መልስ የለውም። ከእድሳቱ በፊት የተነሡት ጥቂት ፎቶግራፎች፣ ቤቱ ከጎረቤቶቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ የሚታይባቸው፣ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣሉ። ልጁ ያደገው በሐውልት ውስጥ ሳይሆን በሠፈር ውስጥ መሆኑ በእነርሱ ይታያል።

ከዚያ ሳንርቅ በሾተሪ መንደር የገጣሚው ሚስት የአን ሐታዌይ ቤት አለ። በ1892 የሼክስፒርን ቅርሶች የሚጠብቀው ድርጅት ሲገዛው ሜሪ ቤከር የምትባል የቤተሰቡ ተወላጅ አሮጊት ለጎብኚ እያስጎበኘች ትኖርበት ነበር፤ በ1899 ሞታለች። እርሷ በፎቶግራፍ የታወቀች፣ በስሟም የተጠራች ናት። በአንድ ካውንቲ ውስጥ ሁለት አሮጊቶች በሁለት የሣር ክዳን ቤቶች ደጃፍ ቆመው አንዷ ስም ያገኘች፣ ሌላዋ ያላገኘች፣ ልዩነቱ ከዝነኛ ሰው ጋር ያላቸው ዝምድና ሆኖ ሲገኝ፣ መዝገቡን ያዘጋጀው አእምሮ ይታየናል።

እዚህ ላይ አንድ የራሳችን ሰው ከፊቴ ይደቀናል። ራግቢም በዎሪክሺር ውስጥ ናት። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በ1868 ወደ እንግሊዝ የተወሰደው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1870ዎቹ በራግቢ ትምህርት ቤት ተምሯል፤ በ1879 በሊድስ ሲሞት ገና 18 ዓመቱ ነበር። ቅኝቱ ሲጀመር ከሞተ አሥር ዓመት አልፎት ነበር። ይህ ልጅ ፎቶግራፍ አላነሰውም። እንግሊዝ በደረሰበት ዓመት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ዝነኛ ፎቶግራፍ አንሺ በዋይት ደሴት አንሥታዋለች፤ ስሙም ተጽፏል። ከሾተሪዋ አሮጊት ይልቅ እርሱ የሚያስተምረን ስም መጻፉ ብቻ በቂ አለመሆኑን ነው። በእነዚያ ምስሎች ሁሉ ላይ ስሙ አለ፤ እኔን ልታዩ ትችላላችሁ ብሎ የፈቀደበት አንድም ቃል የለም።

አሁን ወደ በርሚንግሃም እንሂድ፤ ቅኝቱ የተጠነሰሰው በእርሷ ውስጥ ነውና። የከተማይቱ ሠራተኛ ሕዝብ ትልቅ ክፍል ይኖር የነበረው ጀርባ ለጀርባ በተጣበቁ ቤቶች ነው፤ አንዱ ቤት ፊቱን ወደ መንገድ፣ ሁለተኛው ከኋላው በአንድ ግድግዳ ተጋርቶ ፊቱን ወደ ጠባብ ግቢ አድርጎ ይቆማል። አንድ ክፍል በአንድ ክፍል ላይ ይደረባል። ውኃው፣ መጸዳጃውና የልብስ ማጠቢያው ቤት በግቢው ውስጥ የጋራ ነው። በ1914 እንዲህ ያለው ቤት በከተማይቱ ከ40,000 በላይ ነበር። ታዲያ የእነዚህ ግቢዎች ፎቶግራፍ የለም ማለት አይደለም። ጆሴፍ ቼምበርሌን ከንቲባ በነበረበት በ1875 የከተማ ማሻሻያ ዕቅድ ሲወጣ፣ ኮርፖሬሽን ጎዳና እንዲከፈት የሚፈርሱት ሠፈሮች ተነሥተዋል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያም የጤናና የመኖሪያ ቤት ጉዳይ ያሳሰባቸው ሰዎች ግቢዎቹን በፎቶግራፍ አስቀርተዋል። በእነርሱ ውስጥ ልጆች በውኃ መቅጃው ዙሪያ ቆመዋል፤ የታጠበ ልብስ ተሰጥቷል፤ ግድግዳው ልስኑ ረግፏል።

በአንድ ካውንቲ ሁለት ካሜራ ነበር ማለት ነው። አንዱ ቤቱ እንዲቆይ ያነሣል፤ ሁለተኛው ቤቱ እንዲፈርስ ያነሣል። አንዱ የእንጨቱን ቤት «ቅርስ» ብሎ ይመዘግባል፤ ሁለተኛው የጡቡን ግቢ «ነውር» ብሎ ይመዘግባል። ሁለቱም ግድግዳ ያያሉ። ሁለቱም በደጃፍ የቆመውን ተከራይ ይቆይ ወይስ ይፍረስ፣ ከፈረሰስ ወዴት ትሄዳለህ ብለው አልጠየቁትም። በገጠሩ ያማረው ቤት ውስጡ እርጥብ፣ ጣራው የሚያፈስ፣ ኪራዩም ከሥራው ጋር የተቆራኘ ሊሆን ይችላል፤ ሎሌው ከሥራ ሲወጣ ከቤቱም የሚወጣበት ሥርዓት በእንግሊዝ ገጠር የታወቀ ነበር። የማኅበሩ አባላት ከታገሉት አንዱ ይኸው ነው። እንዲህ ሲሆን ነውሩና ቅርሱ በአንድ ጣራ ሥር ተገናኙ ማለት ይቻላል።

ይህን ያህል ከነቀፍኩ በኋላ አንድ ስሕተት እንዳልሠራ መጠንቀቅ አለብኝ። ሥራው የከበርቴዎች ስለ ሆነ ዋጋ የለውም የሚል ሂስ ሰምተን እናውቃለን፤ ለተናጋሪው የሚቀል፣ ለአንባቢ ግን ምንም የማይጨምር ሂስ ነው። የአንሺው መደብ ካሜራውን የት እንዳቆመ ይነግረናል። ካሜራው ምን እንዳየ ለማወቅ ግን ፎቶግራፉን ራሱን መመርመር ግድ ይለናል። አጥርቶ የተነሣ፣ ቀን የተጻፈበት፣ ያልተነካካ ፎቶግራፍ አንሺው ያላሰበውንም ይመሰክራል። የኮቬንትሪን ምሳሌ ልስጥ። ኮቬንትሪ በዚያ ዘመን በዎሪክሺር ውስጥ ነበረች፤ በ1974 በተደረገው የአስተዳደር ለውጥ ወጥታለች። በዚያ ከተማ በ1857 የካሽ ወንድማማቾች ለሐር ጥብጣብ ሸማኔዎች ያሠሯቸው ቤቶች አሉ። 100 ቤት ታቅዶ 48ቱ ብቻ ተሠሩ። ሁለቱ የታችኛው ፎቆች እንደ ማንኛውም ቤት ናቸው፤ ላይኛው ፎቅ ግን ከዳር እስከ ዳር ሰፊ መስኮት ነው። ስለ ሽመና የማያውቅ ተመልካች ጌጥ ይመስለዋል። ነገሩ ሌላ ነው፦ የሽመናው መሣሪያ ከመኝታቸው በላይ ተተክሎ፣ የሁሉም መሣሪያ በአንድ የእንፋሎት ሞተር እየተነዳ ሸማኔው ቤቱ ሳለ የፋብሪካ ሠራተኛ ሆኖ ነበር፤ መስኮቱም ለዓይኑ ብርሃን ነው። በ1860 ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው የንግድ ውል የውጭ ጥብጣብ ያለ ቀረጥ ሲያስገባ የከተማይቱ ሸማኔ ተራበ፤ ብዙው ተሰደደ። ይህ ሁሉ በአንድ የመስኮት ስፋት ውስጥ ይነበባል፤ ፎቶግራፉ የጠራ ከሆነ፣ አንባቢውም ሙያውን ከጠየቀ።

ከዚህ አንፃር ቅኝቱን በዚያው ዘመን ከነበረው ከፒተር ሄንሪ ኤመርሰን ሥራ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ኤመርሰን በኖርፎክ ካውንቲ ረግረግ የሚኖሩትን ሸምበቆ አጫጆችና ዓሣ አጥማጆች በ1886 ከሠዓሊው ቶማስ ጉዳል ጋር ባወጣው ዝነኛ አልበም አቅርቧቸዋል። በእርሱ ዘንድ ሠራተኛው በሥዕሉ መካከል ነው፤ ጭጋጉ፣ ውኃው፣ ጎንበስ ያለው ወገብ ውብ ሆኖ ይታያል። እኔ ግን ስመለከተው የማየው የኤመርሰንን ስሜት ነው። ከዎሪክሺሩ ደረቅ ግድግዳና ከስም የለሿ ሴት ይልቅ የኤመርሰን አጫጅ ለዓይን ይጥማል፤ ለምስክርነት ግን ያቺ ሳትጠራ የቆመችው ሴት ትበልጥብኛለች። ማንም አላቀናባትም። በራሷ ጉዳይ ወጥታ፣ እንግዳ ሰው በሦስት እግር ላይ ሣጥን ተክሎ ስታይ የቆመች ናት። አርቲስቶቻችን በዚህ አይስማሙኝ ይሆናል።

አንድ የሚከብደኝ ነገር ግን አለ፤ በቅኝቱ ሥራ ውስጥ የተቀበረ አደጋ ይመስለኛል። የኮቬንትሪ መካከል «ቡቸር ሮው» የሚባል የመካከለኛው ዘመን ጠባብ መንገድ ነበረው፤ የእንጨት ቤቶቹ ራስ ለራስ ሊነካኩ ጥቂት የቀራቸው፣ ሠዓሊና ፎቶግራፍ አንሺ ሁሉ የተመላለሰበት ነው። በኅዳር 14 ቀን 1940 ሌሊት የጀርመን አውሮፕላኖች ከተማይቱን በቦምብ መትተው ካቴድራሏን ሲያቃጥሉ ግን ቡቸር ሮው አልተቃጠለም፤ ምክንያቱም አልነበረም። በ1936 የከተማው ምክር ቤት አፍርሶት ነበር፤ በቦታው ሰፊ የመኪና መንገድ ወጣ። አሁን ሰው ስለ ጠፋችው ኮቬንትሪ ሲያወራ ሁሉን በቦምብ ያሳብባል፤ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ግን አንዳንዱ በሰላም ጊዜ፣ በስብሰባ ድምፅ ተሰጥቶበት የፈረሰው ነው። ፎቶግራፉ ቤቱን አላዳነውም። እንዲያውም «ምስሉ አለን» ማለት ለአፍራሹ የኅሊና ዕረፍት የሚሆንበት ጊዜ አለ ብዬ እጠረጥራለሁ። የሃሪሰን ትውልድ ቤቱ ይጠፋል ብሎ ስለ ፈራ አነሣ፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው ትውልድ ተነሥቷል ብሎ ስላመነ አጠፋ። ቅርስ ለመመዝገብ የሚወጣ ማንኛውም ባልደረባ ካሜራውን ከማንሣቱ በፊት ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው፤ መዝገቡ ለማን ማስረጃ እንደሚሆን አስቀድሞ አይታወቅም።

ስለ ደጃፏ ሴት የምጨምረው አለ። ስሟ የጠፋው በካርቶኑ ላይ እንጂ በአገሩ አይደለም። እንግሊዝ ከ1841 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ የነዋሪውን ስም፣ ዕድሜና ሥራ ቤት ለቤት ጽፋለች። በቅኝቱ ካርቶን ላይ የመንደሩ ስምና ቀኑ ተጽፎ ስላለ፣ ትዕግሥት ያለው ሰው ፎቶግራፉን ከ1891 ቆጠራ ጋር አስተያይቶ በዚያ ቤት ማን ይኖር እንደ ነበረ ሊደርስበት ይችላል። የሃሪሰን ደንብ ያላሰበውን ውለታ የዋለው በዚህ ነው፤ ስሟን አልጻፈም፣ የስሟን መንገድ ግን አልዘጋም። ቀንና ቦታ ባይጻፍ ኖሮ ያም አይገኝም ነበር።

ይህ መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ በበርሚንግሃም ታይቷል። ከእነዚያ በአሥር ሺህ ከሚቆጠሩ ጀርባ ለጀርባ ቤቶች መካከል በኸርስት ጎዳና ላይ ያለ አንድ ግቢ፣ ቁጥር 15 የሚባለው፣ ሳይፈርስ ቀርቶ ነበር። ታድሶ በ2004 ለሕዝብ ተከፈተ። አዘጋጆቹ ግድግዳውን ብቻ አላደሱም፤ ከቆጠራ መዝገብ እየፈለጉ በየክፍሉ ማን እንደ ኖረ አወጡ። በ1840ዎቹ የሌቪ ቤተሰብ በአንደኛው ቤት የሰዓት እጅ ይሠራ ነበር። በኋላ ዘመን ጆርጅ ሳንደርስ የሚባል ከካሪቢያን ደሴት ከሴንት ኪትስ የመጣ ልብስ ሰፊ እዚያው ሠርቷል። በመካከሉ፣ በ1870ዎቹ፣ ኸርበርት ኦልድፊልድ ከቤተሰቡ ጋር ነበረ፤ ሙያው የመስታወት ዓይን መሥራት ነበር። ስሙ ዛሬ በቤቱ ይነገራል፤ የሥራው ጠረጴዛም በመስኮቱ አጠገብ ተዘርግቶ ይታያል።